ለዓሣ የተጣራ፣ ለሰው የቧንቧ

የባሌ እህት ሙሉ በድላኛለች። የበደለችኝ ደግሞ በጓዳ፣ በሹክሹክታ አይደለም። በገዛ ቤቴ፣ የማርያም ጽዋ ተራው የእኔ በሆነበት ቀን፣ ማኅበርተኛው በልቶ ጠጥቶ ጆሮውን ለወሬ ባዘጋጀበት ሰዓት፣ እኔን በአገጯ እያመለከተች «ይቺ ሴት ለዓሣ የተጣራ ውሃ እያጠጣች ለእናቴ የቧንቧ ታጠጣለች» አለች።

ፊት ለፊት ስንገናኝ እትዬ ሙሉ ነው የምላት፤ አንቱም እላታለሁ። የባሌ ታላቅ ናት፣ ይገባታል። ወረቀት ላይ ግን እንዲህ በአንቺ ነው የማስኬዳት። ይህቺን ታህል መብት ካልሰጠኝ ወረቀት ምን ሊያደርግልኝ ነው?

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ ማጣሪያ ሲባል ምን ትዝ ይላችኋል? ከላይ ደፍርሶ የገባው ከታች ጠርቶ የሚወርድበት፣ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ በክብር የሚቀመጥ ንጹህ ዕቃ። አይደል? ባለመኪና ከሆናችሁ መካኒኩ ፈቶ ጥቁረቱን እያሳየ የሚያሳፍራችሁ ፊልትሮ ነው። ኳስ የምትወዱ ከሆነ ብሔራዊ ቡድናችን ደርሶ የሚቀርበት ቦታ ነው። መሥሪያ ቤት ጉዳይ ያላችሁ እንደሆነ ደግሞ «እየተጣራ ነው» ተብሎ ፋይላችሁ የሚተኛበት አልጋ። አማርኛችን ለዚህ ሁሉ አንድ ቃል ሰጥቶን እጁን አራግፎ ሄደ። እኔን የበደለችኝ ሙሉ አይደለችም ብል እዋሻለሁ፤ ግማሹ ጥፋት ግን የዚህ ቃል ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከወርቄ ነው። ወርቄ ካዛንቺስ ሳለን በግድግዳ የምንዋሰናት ጎረቤታችን ነበረች። ጸጉር ቤት ነበራት፤ በጸጉር ቤቷ መስኮት ሥር ደግሞ ረዘም ያለ አኳሪየም። ውስጡ የላስቲክ ዛፍና ስማቸውን ማንም ጠይቋቸው የማያውቅ ዓሦች ነበሩ። ሰፈሩ ሲነሳ ሁሉም በየፊናው ሄደ። ወርቄ ከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ገባች፤ እኛ ከኡራኤል ብዙም ሳንርቅ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ተከራየን። ዕቃዋን ስትጭን «አይሱዙ ላይ ይሰበርብኛል፣ አንቺ ውሰጂው» ብላ አኳሪየሙን ከነዓሦቹ አስታቀፈችኝ። ስታለቅስ ነበር፤ እምቢ የሚባልበት ሰዓት አልነበረም።

የባሌ እናት እማማ ጥሩነሽ ከእኛ ጋር ነው የሚኖሩት። ካዛንቺስ ሳሉ ጓሮ ነበራቸው፤ ጤና አዳም፣ በሶብላ፣ ፍሬ ሰጥታ የማታውቅ አንዲት የሎሚ ዛፍ። የግቢው በር ላይ ደግሞ መንገደኛውን ሁሉ ሰላም የሚሉበት ዱካ ነበራቸው። አዲሱ ቤት መስኮት ላይ ሲቆሙ የሚያዩት የሌላ ሕንፃ መስኮት ነው። እዚያ መስኮት ላይ ያለች ሴት ደግሞ ሰላም ሲሏት መጋረጃዋን ዘጋች። ከዚያ በኋላ እማማ ዝም አሉ። አልታመሙም፣ አላለቀሱም፤ ዝም ነው ያሉት። ቤት ውስጥ እንዲህ ያለ ዝምታ ያለው ሰው አይቶ የሚያውቅ ያውቀዋል።

እኔ ያገኘሁትን ሁሉ የማነብ ሴት ነኝ፤ የመድኃኒት ካርቶን ውስጥ ያለችውን ወረቀት ሳይቀር። ስለ ዓሣም ማንበብ ጀመርኩ። ሳነብ የላስቲክ ዛፍ ማለት ለዓሣ እንደ ሥዕል እንጀራ መሆኑ ገባኝና አወጣሁት፤ በምትኩ ሥር ያለው፣ ቅጠል ያለው፣ ውሃ ውስጥ የሚበቅል ተክል አስገባሁ። አንድ ቀን ጠዋት እማማ አኳሪየሙ አጠገብ ቆመው አገኘኋቸው። ይሄ ሣር እውነተኛ ነው ወይ አሉኝ። አዎ አልኩ። ሥር ሰዷል ወይ አሉኝ። እየሰደደ ነው አልኳቸው። ወንበር ስበው ተቀመጡ። ከዚያ ወዲህ ያቺ ወንበር የትም ሄዳ አታውቅም። አኳሪየሙን «ጓሮዬ» ይሉታል። ዓሦቹንም ስም አወጡላቸው፤ ስሙ ደግሞ የተበተነው የካዛንቺስ ጎረቤት ስም ነው። አፏን ከፍታ የማትዘጋው ወርቄ ናት። ምግብ ሲመጣ ሁሉን ገፍቶ የሚቀድመው የእድራችን ገንዘብ ያዥ የነበረው ሰውዬ ነው። ጠዋት ተነስተው «ወርቄ እንዴት አደርሽ» ሲሉ ስሰማ፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከአማት ጋር መፋቀር ነውር ከሆነ ነውረኛ ነኝ።

ታዲያ ተክሉ ሲበዛ የወርቄ አሮጌ ማጣሪያ አልበቃ አለ። ውሃው አተላ መሰለ። ባምቢስ አካባቢ ወዳለ አንድ ሱቅ ሄድኩ። ሻጩ ጸጉሩን በቅባት ያቆመ ወጣት ነው። ሦስት ዓይነት አወጣልኝ። አንደኛው ገንዳው ውስጥ ተነክሮ አረፋ የሚያስነሳ ትንሽ ጥቁር ነገር ነው። ሁለተኛው እንደ ቦርሳ ጠርዙ ላይ ተንጠልጥሎ ፏፏቴ ይሠራል። ሦስተኛው ካኒስተር የሚሉት ነው፤ ጥሩ ክዳን ያለው ባልዲ አስቡ። ከገንዳው ሥር ቁምሳጥን ውስጥ ይደበቃል፤ በአንድ ቱቦ ውሃውን ይስባል፣ ሆዱ ውስጥ በተደረደሩ ስፖንጆችና የሸክላ ቀለበቶች መሃል ያሳልፈዋል፣ በሌላ ቱቦ ይመልሰዋል። አረፋ የለው፣ ፏፏቴ የለው፣ ወሬ የለው።

ልቤ እሱ ላይ አረፈ፤ ዝም ስላለ ብቻም አይደለም። ተክሎቹ ከውሃው የሚመገቡት ጋዝ አለ፤ ለስላሳ ሲነቀነቅ ቡፍ ብሎ የሚወጣውን ዓይነት። አረፋና ፏፏቴ ሲበዛ ያ ጋዝ ይበንና ተክሉ ጦሙን ያድራል። ይህን ለልጁ ባስረዳው «ማዘር፣ ማለቴ፣ በቃ ትልቁን ይውሰዱ፣ ፓወር አለው» አለኝ። መጀመሪያ ነገር ማዘሩ አይደለሁም። ሁለተኛ፣ ትልቁ ማጣሪያ በእኔ ገንዳ ልክ ያለ ተክል ነቅሎ ዓሦቹን እንደ ልብስ ማጠቢያ ማሽን ያሽከረክራቸዋል። በጣም ትንሹ ደግሞ አይበቃም፤ ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ጉልበት ሆዱ ባዶ ሆኖ ሲሠራ የተለካ ነውና። ስፖንጁ ገብቶ፣ ቆሻሻው ተጠራቅሞ፣ ሥራ ሲጀምር ጉልበቱ ይቀንሳል። ብዙ ሰው አውቃለሁ እንዲህ የሆነ። መካከለኛውን፣ ውሃው ሳይፈስ ቱቦው ተነቅሎ የሚወጣለትን መርጬ ይዤ ሄድኩ።

አሁን ወደ ቁምነገሩ ልምጣ፤ ሙሉ ብትሰማኝ ኖሮ የምነግራት ይህንን ነበር። ይህ ማጣሪያ ቆሻሻን አያጠፋም። ከሚታይበት ቦታ ወስዶ ከማይታይበት ያስቀምጠዋል። ዓሣ ይበላል፤ የበላ ደግሞ ያወጣል። ማጣሪያው ያንን ስቦ ሆዱ ውስጥ ያኖረዋል፤ እዚያ በዓይን የማይታዩ ፍጥረታት ሰፍረው መርዙን እየበሉ ለተክሉ ማዳበሪያ ያደርጉታል። ገንዳው የሚጠራው ባልዲው ስለሚደፈርስ ነው። ስለዚህም ነው እንደ ሳህን የማይታጠበው። በቧንቧ ውሃ ብታጥቡት ክሎሪኑ እነዚያን ፍጥረታት ይፈጃቸዋል፤ እነሱ ካለቁ ዓሦቹ ይከተላሉ። ከገንዳው ራሱ ውሃ በሳፋ ቀድቶ፣ ስፖንጁን እዚያ ውስጥ ጨመቅ ጨመቅ፤ ቀለበቶቹን ለቅለቅ፤ ያውም ሁሉንም በአንድ ቀን አይደለም። የክዳኑን ጎሚኒ፣ ውሃ እንዳያፈስ የሚያግደውን የጎማ ቀለበት፣ ጠርጎ ማየት ያስፈልጋል፤ አንዴ ጸጉር ተጋድሞበት ሳላይ ገጥሜው ቁምሳጥኑ ሥር ባሕር ሆኖ ጠበቀኝ። መብራት ጠፍቶ ከቆየ ደግሞ ሲመጣ ዝም ብሎ አይሰካም፤ በታፈነው ሆድ ውስጥ የቆየውን ውሃ ደፍቶ ነው። እኔ ነገር እስኪያብረቀርቅ ካልፈተግሁ ያጠብኩ የማይመስለኝ ሴት፣ ቆሻሻን በልኩ መተው የተማርኩት ከዚህ ባልዲ ነው።

የጽዳቱ ቀን ለእማማ በዓል ነው። ባልዲውን ሳወጣ «ዛሬ ሆዱን ልታይለት ነው?» እያሉ ወንበራቸውን ያስጠጋሉ። የስፖንጁን እጣቢ አልደፋም፤ እሳቸው ራሳቸው በረንዳ ላይ በቆርቆሮ ለተከሉት ጤና አዳም ያጠጡታል። ጤና አዳሙ ቢታይ ዛፍ ነኝ ሊል ምንም አልቀረው። ስለዚህ በዚያ ባልዲ ሆድ ውስጥ ያለውን ከእኔ ቀጥሎ የሚያውቅ ሰው ቢኖር እማማ ናቸው። ይህን ያዙልኝ።

የሚጠጡትን ውሃ በተመለከተ ደግሞ እውነቱ እንዲህ ነው። ጠዋት የኡራኤልን ጠበል ይጎነጫሉ፤ ከዚያ በኋላ የቧንቧ። አፍልቼ ባቀዘቅዝላቸው «የሞተ ውሃ» ይሉታል። የታሸገ ብገዛላቸው ላስቲክ ሸተተኝ ብለው ለእኔ መለሱት። እንግዲህ ሴትዮዋን አስሬ ላጠጣቸው ነው?

ባሌ ግርማ ሰላም ወዳድ ሰው ነው፤ ሰላሙን የሚያገኘው ደግሞ ነገር በማሳጠር ነው። ሙሉ ደውላ ምን አዲስ ነገር አለ ስትለው «ለዓሦቹ የውጭ ማጣሪያ ገዛችላቸው» አላት። የውጭ ያለው ከገንዳው ውጭ የሚቀመጥ ስለሆነ ነው። እሷ የሰማችው ግን ባሕር ማዶ ተሠርቶ በመርከብ የመጣ ማጣሪያ ነው። ስልኩን ዘግታ ይህንን ይዛ ቆየች፤ ሙሉ ነገር ይዛ መቆየት ትችልበታለች።

የጽዋው ቀን መጣ። ገና ጠላውን ስቀዳ ጀምሮ አለቀቀችኝም። ለአንዷ ማኅበርተኛ ሳልቀምስ ብሰጣት በሰው ፊት አስቆመችኝ። «ቀጂ ሳይቀምስ ያጠጣል እንዴ? ወጉን ማን ያስተምርሽ» ብላ መዳፌ ላይ ጠብ አድርጌ እስክቀምስ ድረስ ቆማ ጠበቀችኝ። ልክ ናት፤ ወጉ እንደዚያ ነው፤ ቀመስኩ። ትንሽ ቆይቶ እማማ ውሃ ጠማኝ አሉ፤ እንደ ልማዳቸው ከቧንቧ ተቀዳላቸው። ሙሉ ብርጭቆውን አየች፣ አኳሪየሙን አየች፣ እኔን አየች። ከዚያ መጀመሪያ ላይ የነገርኳችሁን ተናገረች።

እሱ እኮ የሚጠጣ ውሃ ማጣሪያ አይደለም ብል «ዓሦቹ አይጠጡትም?» አለችኝ። ምን ልበል? ውስጡ ነው የሚኖሩት። ዓሣ ይጠጣል አይጠጣም የሚለውን ክርክር ጽዋ ላይ ከፍቶ ያሸነፈ ሰው የለም። ከጥግ አንዷ «እውነትም» አለች፤ ያቺ «እውነትም» ናት የጎዳችኝ። በሳምንቱ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ሴቶቹ ሰላም ሲሉኝ ባሌን ትተው «ዓሦቹ ደህና ናቸው?» ይሉኝ ጀመር።

ወሬውን እችለው ነበር። ያልቻልኩት ሙሉ ለግርማ ያለችው ነው። እናቴን ወስጄ እኔው ጋ አኖራለሁ አለችው። ሰሚት ሰፊ ቤት አላት፤ ክፍል አዘጋጅታላቸዋለች፣ ግድግዳው ላይ በር የሚያህል ቴሌቪዥን ሰቅላለች። ክፋት የለውም፤ ክፋት ቢኖረው ይቀለኝ ነበር። እናቷን ትወዳለች። ግን እማማን ከካዛንቺስ ስንነቅላቸው አይቻለሁ፤ ስንት ወር ዝም እንዳሉም አይቻለሁ። አሁን ደግሞ ሥር መስደድ ሲጀምሩ ሁለተኛ ይነቀሉ? የሙሉን እርሻ የሚያህል ሳሎን ሳስብ የምትታየኝ አንዲት ባዶ ወንበር ነበረች፤ የእኔ ቤት ወንበር።

እሳቸውን ስትጠይቃቸው ደግሞ ባሰ። «እኔ ከሄድኩ እነ ወርቄን ማን ያያቸዋል?» አሏት። ሙሉ ደነገጠች። ወርቄ እኮ ከሄደች ቆየች እማዬ ብትላቸው «የለችም? አሁን አይደል እንዴ ምሳዋን የበላችው» አሏት። ግርማ ዓሣዋን ማለቷ ነው ብሎ ሊያስረዳ ቢሞክር፣ ይባስ ብላ ዓሣን በክርስቲያን ስም ትጠራለች ማለት ነው፣ ውሃው ነው ጭንቅላቷን የነካት አለች። ማብራሪያ ከሙሉ ጋር ሲገናኝ ማስረጃ ሆኖ ነው የሚወጣው።

በመጨረሻ ነገሩ ሽማግሌ ፊት ቀረበ። ሽማግሌው ጋሼ ተሰማ ናቸው፤ የእማማ ታናሽ ወንድም፣ ጡረታ የወጡ አስተማሪ። እሑድ ከሰዓት መጡና ሶፋው መሃል ተቀምጠው መነጽራቸውን ወልውለው «እንግዲህ ነገሩን እናጣራ» አሉ። ይህ ቃል እኔ ቤት ገብቶ የሠራው አይበቃምና።

ሙሉ ተናገረች፤ ረጅም ተናገረች። እኔ አጭር ተናገርኩ፤ ማጣሪያው ለመጠጥ አይሆንም አልኩ። ጋሼ ተሰማ ማጣሪያው ይሠራል ወይ አሉኝ። ይሠራል። ውሃው ጠርቷል ወይ? ዘወር ብለው አኳሪየሙን አዩት፤ ውሃው እንደ መስታወት ነው፣ ወርቄ አፏን ከፍታ በተክሎቹ መሃል ታልፋለች። ምን ብዬ ልካድ? ጠርቷል አልኩ። እንግዲያው አሉ ጋሼ ተሰማ፣ ለዓሣ የሆነ ለሰው የማይሆንበት ምክንያት አይታየኝም። እኅቴ ከዛሬ ጀምሮ ከዚያው ማጣሪያ ይቀዳላት፤ ይህ ከተደረገ ሙሉ ክሷን ታነሳለች፣ ካልተደረገ እናትየው ልጇ ጋ ትሄዳለች። በሕይወቴ ብዙ ፍርድ ሰምቻለሁ፤ ይህን ያህል ፍትሐዊ፣ ይህን ያህል የተሳሳተ ፍርድ ሰምቼ አላውቅም።

ግርማ ጣሪያውን ማየት ጀመረ። ሙሉ ግን ፊቷ በራ። «አሁኑኑ ይቀዳላት፣ በዓይኔ ልይ» አለች። ከተቀዳላቸው እርስዎ በቃ ይላሉ ወይ አልኳት። «ከዚያው ማጣሪያ በእጅሽ ቅጅላት እንጂ ሁለተኛ አፌን አልከፍትም፤ እናቴም እዚሁ ትኑር» አለች፤ ጋሼ ተሰማም ይህ ቃል ተይዟል አሉ።

እማማን አየኋቸው። አዩኝ። ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አድርገው፣ ያለ ምንም ፈገግታ «የኔ ልጅ፣ እውነትም ጠምቶኛል» አሉኝ።

ተነሳሁ። ስፒናውን ነቀልኩ፣ የቱቦዎቹን መዝጊያ አዞርኩ፣ ባልዲውን ከቁምሳጥኑ አውጥቼ ሳፋ ላይ አድርጌ ጋሼ ተሰማ እግር ሥር አኖርኩት። ለጽዳት ቀኑ ደርሶ የነበረ ነው፤ በጽዋው ጣጣ ዘግይቼበታለሁ። መቆለፊያዎቹን አንድ በአንድ ከፍቼ ክዳኑን አነሳሁ። ዝናብ የመታው ማሳ የመሰለ ሽታ ሳሎኑን ሞላው። ውስጡ ያለው ውሃ ቀለሙ የበሰለ የሽሮ ወጥ ነው፤ ላዩ ላይ የበሰበሰ ቅጠል፣ ሥሩ ጭቃ፣ መሃሉ ደግሞ እነ ወርቄ ከጽዳት ወዲህ የበሉት ሁሉ የደረሰበት ደረጃ ነበር። ጋሼ ተሰማ እግራቸውን ሶፋው ላይ ሰበሰቡ። መነጽራቸውንም አወለቁ፤ የባሰ እንዳያዩ ነው መሰለኝ።

ከወጥ ቤት ለእንግዳ የማወጣውን፣ አፉ ወርቅ ቅብ የሆነውን ብርጭቆ አመጣሁ። ከባልዲው ሞልቼ ቀዳሁ፣ ሥሩን በፎጣ ጠረግሁ፣ በሁለት እጄ ይዤ ጎንበስ አልኩ። እማማ አንገታቸውን አስግገው ብርጭቆውን አዩና «ውይ፣ ለጤና አዳሜ እንዴት ያለ ነበር» አሉ፤ ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። ሙሉ በነጠላዋ አፍንጫዋን ይዛ፣ ለእናቴ ይሄንን ልታጠጫት ነው ወይ አለችኝ፤ ድምጿ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀጥኗል።

ብርጭቆውን ከእማማ ፊት አንስቼ ወደ እሷ አዞርኩት። አንቱታዬን አልረሳሁም።

«እትዬ ሙሉ፣ ያስቀዱት እርስዎ ነዎት፤ ወጉ አይቅርብን፣ ይቅመሱላቸው።»